ኖራ በእኩል የሚበትን መሣሪያ በራስ እጅ መሥራትና ማሻሻል

አሲዳማ አፈርን ለማከም በሄክታር 2 ቶን ኖራ ሲባል ብዙ ይመስላል። ወደ አንድ ካሬ ሜትር ሲወርድ ግን 200 ግራም ብቻ ነው፤ ከሁለት ጭብጥ ብዙም አይበልጥም። ሥራው ሁሉ እነዚያን ሁለት ጭብጦች ከ10,000ው ካሬ ሜትር በእያንዳንዱ ላይ ሳያበላልጡ ማዳረስ ነው። በአካፋ ሲበተን ይህ አይገኝም። አንዱ ቦታ አራት እጥፍ ሲደርሰው፣ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ምንም ሳያገኝ ይቀራል። ኖራ ደግሞ በአፈር ውስጥ ወደ ጎን አይጓዝም፤ የሚሠራው በወደቀበትና ከአፈር ጋር በተቀላቀለበት ቦታ ብቻ ነው። ያልደረሰው ቦታ አሲዳማ እንደሆነ ይከርማል፦ የሟሟው አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ያሳጥረዋል፣ ፎስፈረሱም በአፈሩ ታስሮ ይቀራል። ከልክ በላይ የፈሰሰበት ቦታ ደግሞ ሰብሉ ዚንክ፣ ብረትና ማንጋኒዝ ያጥረዋል።

ስለዚህ መበተኛ ስንሠራ ቀዳዳ ያለው ሣጥን የምንሠራ አይምሰለን። የምንሠራው በጎማ ላይ የሚሄድ መስፈሪያ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ሁለት መሣሪያ ሠርቼ ካፈረስኩ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የምገልጸው ሦስተኛው ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንድ የጋማ ከብት ወይም አነስተኛ ትራክተር ሊጎትተው ይችላል።

ስለ ዱቄቱ ጠባይ

የእርሻ ኖራ የሚባለው ተፈጭቶ የላመ የኖራ ድንጋይ ነው። አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ ዶሎማይት ከሆነ ማግኒዥየም ካርቦኔትም አለበት። መሣሪያው የተሠራው ለዚህ ነው። በእሳት የተቃጠለውን የግንባታ ኖራ በዚህ መሣሪያ አይበትኑ። ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲነካው በኃይል ይግላል፤ በላብ የራሰ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። በውኃ የበረደውም ቢሆን ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ምንም ነገር ወደ ቋቱ፣ ማለትም ኖራው ወደሚሞላበት የመሣሪያው ሣጥን፣ አይገልብጡ።

የላመ ኖራ ደረቁ ይበንናል፣ እርጥቡ ይጓጉላል፣ ሁለቱም ሲነቀነቁ ይጠቀጠቃሉ። የመሣሪያው ቅርጽ የሚወሰነው በዚህ ጠባይ ነው። በሚሽከረከር ሳህን የሚወረውር መበተኛ ለጥራጥሬ ማዳበሪያ ጥሩ ነው፤ ለላመ ኖራ ግን አልመርጠውም። ከባዱ ቅንጣት ርቆ ሲወድቅ ቀላሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ደግሞም ቶሎ ከአፈር ጋር የሚዋሃደው ያው በነፋስ የሚሄደው የላመው ክፍል ነው። ከቋት ቀጥታ ወደ መሬት የሚያወርድ መሣሪያ ስፋቱ ጠባብ ቢሆንም የሰጡትን ሁሉ ከሥሩ ያሳርፋል።

ኖራው ለመበተን መድረቁን ለማወቅ አንድ ጭብጥ ወስደው አጥብቀው ይጨብጡት። እጅዎን ሲከፍቱ ቅርጹን ይዞ ከቆየና በጣት ሲነኩት የማይፈርስ ከሆነ ገና እርጥብ ነው፤ በሸራ ላይ አስጥተው ያድርቁት። በእርጥብ ኖራ ላይ የትኛውም ማሻሻያ አይሠራም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ 1 ሜትር በ2 ሜትር (ለቋቱ)
- 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ለወለሉ፣ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ለተንሸራታቹ መዝጊያ
- 25 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 140 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ
- ለዘንጉ ልክ የሆኑ ሁለት ኩሺኔታዎች ከነማቀፊያቸው
- ቁመታቸው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ጥርሳቸው ያላለቀ ሁለት ጎማዎች
- 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ 3 ሜትር ያህል
- ለማዕቀፉና ለመጎተቻው 40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ወይም አንግል ብረት
- 1 ሴንቲ ሜትር ዓይን ያለው የሽቦ ወንፊት፣ አሮጌ ላስቲክ ወይም ወፍራም ሸራ፣ ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ
- የብየዳ መሣሪያ፣ ትራፓኖ፣ ሜትሮ፣ ግራም የሚለይ ሚዛን

ከሁሉም የማይቀረው ሚዛኑ ነው። ኩሺኔታ ቢጠፋ በዘይት የተነከረ ጠንካራ እንጨት በስቶ መጠቀም ይቻላል፤ ሚዛን ከሌለ ግን መሣሪያው ምን ያህል እየሰጠ እንደሆነ የሚነግርዎት ነገር የለም።

1. ቋቱ

የቋቱ የውስጥ ርዝመት 100 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህን ቁጥር የመረጥኩት ለሒሳብ ስለሚመች ነው፤ መሣሪያው አንድ ሜትር ሲጓዝ አንድ ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የላይኛው አፍ ስፋት 40፣ የወለሉ ስፋት 10፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ ወደ 87 ሊትር ይይዛል። ደረቅ የላመ ኖራ በሊትር ከ1.2 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ባለ 50 ኪሎ ግራም ሁለት ከረጢት ይገባበታል።

ሁለቱን የጎን ግድግዳዎች 42 ሴንቲ ሜትር በ100 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ። ከ42ቱ 38ቱ የተዳፋው ግድግዳ ነው፤ ከላይና ከታች የሚተርፉት ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትሮች ለእጥፋት ናቸው። የላይኛው እጥፋት ላሜራው እንዳይለምጥ ያጠነክረዋል፣ የታችኛው ከወለሉ ጋር መያያዣ ይሆናል። የዳርና ዳር መዝጊያዎቹን ከላይ 40፣ ከታች 10፣ በቁመት 35 ሴንቲ ሜትር አድርገው፣ ዙሪያቸውን ለእጥፋት 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዉላቸው።

በዚህ ልኬት ግድግዳው ከአግድም 67 ዲግሪ ያህል ይቆማል። ልኬቱን መቀየር ቢፈልጉ እንኳ ከ60 ዲግሪ እንዳያንስ። የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራሁት ለሁለት ከተሰነጠቀ በርሜል ነበር። ለመሥራት ይቀላል፤ ነገር ግን የበርሜሉ ሆድ ወደ ታች እየተለጠጠ ስለሚሄድ ኖራው በግራና በቀኝ ተኝቶ ይቀራል፣ መሀሉ ብቻ ይወርዳል። ከላይ ሲታይ ቋቱ ሙሉ ነው፤ ከታች ግን ዋሻ ተከፍቶ ኖራው ጣሪያ ሆኖ ቆሟል። ለማንኛውም በርሜል የሚቆርጡ ከሆነ ነዳጅ፣ ዘይት ወይም ማሟሟያ ኬሚካል የነበረበትን ፈጽሞ በግራይንደርም ሆነ በእሳት እንዳይነኩ። ባዶ መስሎ የሚታየው በርሜል በውስጡ የቀረው ትነት ብቻውን ሊፈነዳ ይችላል።

የዚንክ ቅብ ያለው ላሜራ ከሆነ በብየዳ ፋንታ በብሎን ወይም በሪቬት ያያይዙት፤ የዚንክ ጭስ ያሳምማል። የውስጡ ገጽ ልስልስ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ያበጠ የብየዳ እብጠት ካለ ይሞርዱት፤ ኖራ መደገፊያ አይፈልግም ብለው አያስቡ፣ ትንሽ ጉብታ ላይም ይንጠለጠላል።

2. ወለሉና መዝጊያው

ወለሉ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። ከሥሩ 2 ሚሊ ሜትሩ ተንሸራታች ይቀመጣል። ሁለቱንም አንድ ላይ በማሰሪያ ጠፍረው በአንድ ጊዜ ይብሱ፤ ተለያይተው ከተበሱ ቀዳዳዎቹ መቼም አይገጣጠሙም። የቀዳዳው ስፋት 20 ሚሊ ሜትር፣ ከመሀል እስከ መሀል 5 ሴንቲ ሜትር፣ የመጀመሪያው ከቋቱ ዳር 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በአንድ ሜትር ውስጥ 20 ቀዳዳ ይወጣል። ሁሉም በወለሉ መሀል መስመር ላይ ይሁኑ። ሲጨርሱ የቀዳዳዎቹን ከንፈር በሞረድ ያስተካክሉ።

ተንሸራታቹ 103 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃዋል፤ ከዚያ ከረዘመ ከጎማው ጋር ይላተማል። ከሥር በሁለት ቀጫጭን አንግሎች ይያዝ፤ ነገር ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉለት። ልክክ ያለ መዝጊያ በአዲስነቱ ያስደስታል፤ የኖራ ብናኝ ሲገባበት ግን ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ይላል።

ለእጀታው ከቋቱ የኋላ ግድግዳ ላይ በብሎን የሚዞር ማንሻ ይግጠሙ። ከብሎኑ እስከ ተንሸራታቹ 5፣ ከብሎኑ እስከ እጅዎ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መዝጊያው 20 ሚሊ ሜትር ሲንሸራተት እጀታው 12 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ይህ ስድስት እጥፍ የሆነ ርቀት ጥቃቅን ማስተካከያ እንዲቻል ያደርጋል። ከእጀታው ኋላ የብረት ቅስት በይደው በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያድርጉበት፤ በፈለጉት ምልክት ላይ እጀታውን የሚያቆም ብሎንም ይግጠሙለት። ክብ ቀዳዳ በክብ ቀዳዳ ላይ ሲንሸራተት መጀመሪያ የሚከፈተው ቀጭን ቅጠል መሰል ክፍተት ነው፤ ስለዚህ በመዝጊያው አካባቢ መጠኑ ቀስ ብሎ ይጨምራል። ለዝቅተኛ መጠን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

3. ማማሰያው

ያለ ማማሰያ የላመ ኖራ በ20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አይወርድም፤ ወይም ለጥቂት ጊዜ ወርዶ ይቆማል። ዘንጉ ከወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በቋቱ ውስጥ ያልፋል። ፌሮውን 33 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ይቁረጡና በእያንዳንዱ ቀዳዳ አናት ላይ አራት አራት ጣት አድርገው በመስቀል ቅርጽ ዘንጉ ላይ ይበይዱ። በጠቅላላው 80 ጣት ነው። አሰልቺ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አይቀንሱ፤ ምክንያቱን ማሻሻያው ጋ ስንደርስ እናየዋለን። የጣቶቹ ጫፍ ከወለሉ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ።

የአንዱ ቀዳዳ መስቀል ከጎረቤቱ መስቀል ትንሽ ዞሮ ይበየድ። ሁሉም በአንድ መስመር ከተሰለፉ ሃያዎቹም ወለሉን በአንድ ቅጽበት ይፍቃሉ፤ ዘንጉ ይነጥራል፣ ጎማውም ይንሸራተታል። ተራ በተራ ሲፍቁ ሸክሙ ይከፋፈላል።

4. ኩሺኔታ፣ ጎማና ማዕቀፍ

ኩሺኔታዎቹን በቋቱ ግድግዳ ላይ አያስሩ። ከግድግዳው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው በማዕቀፉ ላይ ይሰሯቸው። ዘንጉ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ምንጊዜም ጥቂት ኖራ ያፈሳል፤ ክፍተቱ ካለ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ከሌለ ኩሺኔታው ውስጥ ገብቶ ከግራሶው ጋር መሞረጃ ይሆናል። የቀዳዳውን አፍ በክብ የተቆረጠ ላስቲክ ይሸፍኑት።

ሁለቱንም ጎማዎች ከዘንጉ ጋር አያስተሳስሩ። መሣሪያው ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱም ከታሰሩ አንዱ መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል። አንዱ ጎማ ዘንጉን ያዙር፣ ሌላው በዘንጉ ላይ በነጻ ይሽከርከር። የሚያዞረው ጎማ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው እምብርቱንና ዘንጉን ሰንጥቆ በሚያልፍ አንድ 6 ሚሊ ሜትር ተራ ብሎን ይሁን። ብሎኑ ሁለት ሥራ አለው። ድንጋይ ገብቶ ማማሰያው ሲያዝ ብሎኑ ይበጠሳል እንጂ ጣቶቹ አይገነጠሉም። ወደ ማሳ ሲጓዙ ደግሞ ነቅለው ያወጡታል፤ ማማሰያው ይቆማል። መዝጊያው ተዘግቶ ማማሰያው ረጅም መንገድ ከዞረ ኖራው ከታች ተጠቅጥቆ እንደ ጡብ ይሆናል። ይህን ብሎን ጠንካራ በሆነ ብረት የመተካት ፈተና ይመጣል፤ እባክዎ አይተኩት። የሚበጠሰው ለጥቅም ነው።

የጎማዎቹ መሀል ለመሀል ርቀት 120 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዘንጉ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ቀዳዳዎቹ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይውላሉ።

5. ወንፊት፣ ክዳንና መጋረጃ

ወንፊቱን በቋቱ አፍ ላይ ያሳርፉ። ጓል፣ ጠጠርና የከረጢት ክር እዚያ ይቀራል። ክዳኑ ሸራም ቢሆን ይበቃል።

መጋረጃው ግን ትኩረት ይፈልጋል። ከ25 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ የላመ ኖራ በቀላል ነፋስ እንኳ ወደ ጎን ይሄዳል። በቋቱ ዙሪያ ላስቲክ ወይም ሸራ አንጠልጥለው ጫፉን ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድርሱት። ከታች ጫፉ ውስጥ ፌሮ ቢሰፉበት ነፋስ አያነሳውም።

መጠኑን መለካት

ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው፤ የፒኤች መጠን (የአሲዳማነቱ ልክ) እና የአፈሩ ዓይነት ሳይታወቅ በግምት የተበተነ ኖራ ድካምንም ገንዘብንም ይበላል። መጠኑ ከታወቀ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነው። በሄክታር 1 ቶን ማለት በካሬ ሜትር 100 ግራም ነው። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ አንዴ ሲዞር 1.88 ሜትር ይጓዛል። መሣሪያው 1 ሜትር ስፋት ስላለው በአንድ ዙር 1.88 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በሄክታር 2 ቶን ከተፈለገ በአንድ ዙር 377 ግራም ይወርዳል ማለት ነው፤ ለ1 ቶን 188፣ ለ3 ቶን 565 ግራም። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ሲታይ ለ2 ቶን በዙር 19 ግራም ያህል ነው።

መጀመሪያ ቋቱን ግማሽ ድረስ ይሙሉ። መሣሪያውን በድጋፍ አንስተው ጎማው መሬት እንዳይነካ ያድርጉ፣ ከሥሩ ሸራ ያንጥፉ። መዝጊያውን ሩብ ያህል ከፍተው የሚያዞረውን ጎማ ጥቂት ጊዜ ያሽከርክሩ፤ የወረደውን ወደ ቋቱ ይመልሱት። ይህ ኖራው መንገዱን እንዲይዝ ነው። ከዚያ በኋላ ጎማውን በደቂቃ 30 ዙር ያህል ፍጥነት 20 ጊዜ ያዙሩ፤ ይህ በሰከንድ 1 ሜትር ከሚጓዝ ሰው እርምጃ ጋር ይቀራረባል። የወረደውን ሰብስበው ይመዝኑ። ለ2 ቶን 7.5 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። ካነሰ እጀታውን አንድ ምልክት ይክፈቱ፣ ከበለጠ ይዝጉ። ሦስት ጊዜ ተከታታይ ከ7.2 እስከ 7.9 ኪሎ ግራም ሲመጣልዎት ምልክቱን ይያዙ።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ክፍል ይመጣል። ጠቅላላው ትክክል ሆኖ ሳለ ሥርጭቱ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር አንድ አንድ ኩባያ ይደርድሩና እንደገና 20 ዙር ያዙሩ። ሃያውን ኩባያ በየተራ ይመዝኑ፤ እያንዳንዱ ወደ 380 ግራም ይጠጋል። ከጎረቤቶቹ በግልጽ ያነሰ ካለ ወይ ጣቱ ጎብጧል፣ ወይ ቀዳዳው ከንፈሩ ያልተሞረደ ነው፣ ወይ ወለሉ እዚያ ጋ ሰርጉዷል። እኔ ይህን ባደረግሁበት ቀን ከዳርና ዳር ያሉት ቀዳዳዎች ከመሀሎቹ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ እንደሚሰጡ አየሁ፤ የዳሩ ግድግዳ ኖራውን እየያዘው ነበር። ከዳር ባሉት መስቀሎች ላይ ግድግዳውን የሚፍቅ አንድ አንድ የጎበጠ ጣት ስጨምርበት ተስተካከለ። ያለ ኩባያው ይህን ማወቅ አልችልም ነበር።

በመጨረሻ ማሳው ላይ ይፈትኑ፤ በድጋፍ ላይ የቆመ መሣሪያና በጓል ላይ የሚንገጫገጭ መሣሪያ አንድ አይደሉም። ጎማው ላይ ምልክት አድርገው 10 ዙር የተጓዘውን ርቀት ይለኩ። 18.8 ሜትር መሆን ነበረበት። 20 ሜትር ከሆነ ጎማው እየተንሸራተተ ነውና ኖራው 6 በመቶ ያህል ያንሳል። ከዚያ 50 ኪሎ ግራም ብቻ ጨምረው እስኪያልቅ ይጓዙ። በሄክታር 2 ቶን ከሆነ 250 ሜትር ላይ ማለቅ አለበት። አዲስ ጭነት ኖራ በመጣ ቁጥር ልኬቱን ይድገሙ፤ የልመቱና የእርጥበቱ ለውጥ የሚወርደውን መጠን ይቀይረዋል።

ማሻሻል

የመጀመሪያው መሻሻል ያለበት ነገር በዓይን አይታይም። ማማሰያው ከጎማው ጋር እኩል ስለሚዞር፣ በአንድ ቀዳዳ ላይ አንድ ጣት ብቻ ቢኖር ኖራው የሚወርደው በየ1.88 ሜትሩ በአንድ ጉብታ ነው። አራት ጣት ሲሆን በየ47 ሴንቲ ሜትሩ ይሆናል። 80ውን ጣት አይቀንሱ ያልኩት ለዚህ ነው። ከዚህ የበለጠ ጥሩ የሚሆነው ማማሰያውን ከጎማው ዘንግ ለይቶ በካቴና ማዞር ነው። በጎማው እምብርት ላይ 40 ጥርስ ያለው ክብ፣ በማማሰያው ዘንግ ጫፍ ላይ 20 ጥርስ ያለው ክብ ይግጠሙ። ጎማው አንዴ ሲዞር ማማሰያው ሁለቴ ይዞራል፤ ጉብታው በየ23.5 ሴንቲ ሜትሩ ይጠጋጋል፣ ኋላ ሲያርሱትም ልዩነቱ ይጠፋል። የሞተር ሳይክል ካቴና ከብስክሌት ካቴና ይልቅ ይታመናል። ሆኖም የብስክሌት የኋላ ክብ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ወደ ፊት ብቻ ስለሚይዝ መሣሪያው ወደ ኋላ ሲገፋ ማማሰያው አይዞርም። የሚበጠሰውን ብሎን በዚህ ጊዜ ወደ ማማሰያው ክብ ያዛውሩት። ጎማዎቹ አሁን በማዕቀፉ ላይ በተበየዱ አጫጭር ዘንጎች ላይ ስለሚዞሩ ቋቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆኑ መጋረጃውም ያጥራል፣ ብናኙም ይቀንሳል። ካቴናውን በላሜራ ይሸፍኑት፤ ልብስና ጣት የሚይዝ ነገር ክፍት አይተውም። ከዚህ ለውጥ በኋላ የድሮው ምልክት አያገለግልም፤ ልኬቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይሠራል።

ኖራው ከላይ ጣሪያ ሠርቶ የሚቆም ከሆነ ግድግዳውን በመዶሻ አይምቱ። ላሜራው ይሰረጉዳል፣ ኖራውም የባሰ ይጠቀጠቃል። ይልቁንም ግድግዳውን ከውስጥ በልስልስ ፕላስቲክ ይሸፍኑ። ካልበቃም ከዋናው ማማሰያ ጣቶች መካከል በየ25 ሴንቲ ሜትሩ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጣት ወደ ላይ የሚደርስ ይጨምሩ፤ ነገር ግን ይህ ጣት በታችኛው ዙሩ ወለሉን ስለሚመታ፣ በዘንጉ ላይ ከመበየድ ይልቅ ከዋናው ዘንግ በላይ በሌላ ቀጭን ዘንግ ላይ ሠርተው በእጅ በመነቅነቂያ ማንቀሳቀስ ይሻላል። ቋቱ ውስጥ እጅ ማስገባት ግን፣ ጎማው በሚዞርበት ጊዜ፣ በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ሌላው ማሻሻያ የመስመር ጠቋሚ ነው። ከመሣሪያው መሀል ወደ ጎን 1 ሜትር የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ሠርተው ጫፉ ላይ አጭር ሰንሰለት ያንጠልጥሉ። ሰንሰለቱ መሬቱ ላይ የሚጭረው መስመር የሚቀጥለው ዙር የመሀል መስመር ነው። ቱቦው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዲገለበጥ በማጠፊያ ይያያዝ። ጠቋሚው ከሌለዎት የጎማውን ፋና ይከተሉ፤ አዲሱ ዙር ላይ ቅርቡ ጎማ ከቀድሞው ፋና 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ተበተነው በኩል ገብቶ መሄድ አለበት። ፋና በፋና ላይ ከሄዱ በሁለቱ ዙሮች መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ኖራ ያላገኘ ጭረት ይቀራል።

ማሳ ላይ

ነፋስ የሌለበትን ማለዳ ይምረጡ። መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ አይቅሩ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ በንጹሕ ወራጅ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከረጢቶቹን አስቀድሞ ማሰናዳት ጉልበት ይቆጥባል። አንድ ሄክታር በ1 ሜትር ስፋት 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። በሄክታር 2 ቶን ከሆነ 100 ኪሎ ግራም የሚያደርሰው 500 ሜትር ነው። ማሳው 100 ሜትር ርዝመት ካለው አምስት መስመር እንደጨረሱ ቋቱ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚገኙት በተነሱበት ሳይሆን በማዶው ዳር ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ከረጢቱን በየ5 ሜትሩ፣ አንዱን ጥንድ እዚህ ዳር፣ ቀጣዩን እዚያ ዳር እያፈራረቁ ያስቀምጡ። ይህ ከመሙላት ባሻገር ልኬቱንም ይቆጣጠርልዎታል፤ ኖራው ከረጢቶቹ ጋ ሳይደርስ ካለቀ መዝጊያው ከልክ በላይ ተከፍቷል፣ ከተረፈ ደግሞ ጠቧል።

መጓዝ ከጀመሩ በኋላ መዝጊያውን ይክፈቱ፣ ከመቆምዎ በፊት ይዝጉት። በቆሙበት የሚፈስ ኖራ በዚያች ቦታ ለዓመታት የሚታይ ጠባሳ ይተዋል። እርምጃዎ አይለዋወጥ፤ ማማሰያው በጎማ የሚዞር ቢሆንም የተወሰነው ኖራ በራሱ ክብደትም ስለሚወርድ፣ ቀስ ያለ ሰው ከፈጣኑ የበለጠ ያፈሳል። መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ በሄክታር 4 ቶን፣ መዝጊያውን ለ2 ቶን አስተካክለው ማሳውን አንዴ በርዝመቱ፣ አንዴ በወርዱ ይሂዱበት። የመጀመሪያው ዙር የሳተውን ሁለተኛው ይሸፍነዋል። እኔ ለዝቅተኛ መጠንም ቢሆን ጊዜ ካለ ይህን እመርጣለሁ።

ቋቱ ውስጥ ኖራን ከዩሪያ ወይም አሞኒየም ካለው ማዳበሪያ ጋር አይቀላቅሉ፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። የተበተነው ኖራ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ታርሶ ከአፈሩ ጋር ይዋሃድ፣ ቢቻል ከመዝራት ወራት ቀደም ብሎ። ላይ ላይ የተተወ ኖራ ወደ ታች የሚወርደው እጅግ በዝግታ ነው።

ከሥራ በኋላ

ቋቱ ውስጥ ኖራ አያሳድሩ። ሌሊቱን ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ጠዋት ሲነሱ ቀዳዳዎቹ ተለስነው ያገኟቸዋል። ገልብጠው በደረቅ መጥረጊያ ያጽዱ፤ ውኃ የሚጠቀሙት ደረቁ ሁሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። ተንሸራታቹን አውጥተው ሁለቱንም ገጹን ይጠቡ፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁ፣ በስሱ ዘይት ይቀቡት። ኩሺኔታዎቹን አዲስ ግራሶ እስኪወጣ ድረስ ይሙሉ፤ አሮጌው ግራሶ አብሮት የገባውን ኖራ ይዞ ይወጣል። መሣሪያውን መዝጊያው ክፍት ሆኖ በጥላ ሥር ያቁሙት፣ ትርፍ 6 ሚሊ ሜትር ብሎኖችንና የልኬት ማስታወሻ ደብተሩን በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ከእጀታው ጋር ይሰሯቸው። ደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የኖራው ዓይነት፣ የእጀታው ምልክትና በ20 ዙር የወረደው ክብደት ይጻፍ።